ከሠርጉ በኋላ ያለው ገጽ

ቲቸር የሺ ሲሞቱ አጠገባቸው ነበርኩ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ነርሷ መጋረጃውን ሳበችና ሰዓቷን አይታ ጻፈች። አልቅሼ ሲወጣልኝ ለማኅበራችን ኮሚቴ ደውዬ ነገርኳቸው። የዚያ ቀን ጥፋቴ እሱ ነው።

በማግስቱ እዚህ ለንደን የሃርልስደን ሰፈር አበሻ ሁሉ ያለበት የስልክ ግሩፕ ላይ ጥቁር ሪባን ያለው ማስታወቂያ ወጣ። «የቀድሞው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የአቶ እንዳልካቸው ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ የሺመቤት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ይላል። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ እረፍት ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሻዬን ትቼው ተነሣሁ። ቲቸር የሺ ያንን ሰውዬ ጥለውት የወጡት እኔ ገና አንደኛ ክፍል ሳልገባ ነው። ሰውየው ራሱ አዲስ አበባ ከሞተ ቆይቷል። እዚህ ለንደን መልኩን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እሳቸውን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል፤ የስንቱን ፎርም ሞልተዋል፣ የስንቱን ልጅ አስጠንተዋል። እና እሳቸውን ለማስተዋወቅ ማን ተፈለገ? ማንም የማያውቀው የሞተ ባል። የኮሚቴው ጸሐፊ ለመጸዳጃ ቤት ቁልፍ እንኳ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ነው፤ ለዚህ ግን ማንንም አልጠየቀም።

ደግ ሴት ነበሩ ብዬ አልጀምርም፤ ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበር። ቲቸር የሺ ሰው ይንቁ ነበር። ልታይ ልታይ የሚለውን ይንቃሉ፣ በማያውቀው የሚከራከረውን ይንቃሉ፣ ሰው ሠርግ ላይ ደረቱን ነፍቶ ምክር የሚሰጠውን ከሁሉ አብልጠው ይንቃሉ። እኔም መናቅን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ልዩነታችን፣ እሳቸው አንብበው ነበር የሚንቁት። እኔ ሳላነብ ነው።

አጭር፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። መነጽራቸውን በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። አገር ቤት አሥር ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። እዚህ ደግሞ ክላፋም የሚባል ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋ ይዘው ለተማሪዎች ምሳ ያወጡ ነበር። አንድ ክረምት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍቱን ሲያድስ አሮጌ የእንግሊዝ ልብ ወለዶችን በካርቶን በካርቶን ደጅ አወጣቸው። ቲቸር የሺ የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ከክላፋም ሃርልስደን ድረስ በባቡርና በአውቶቡስ በሦስት ቀን አመላልሰው ጨረሷቸው። መጽሐፎቹ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሞሉት። ቴሌቪዥኑ መኝታ ቤት ገባ።

ወደዷቸው እንዳትሉኝ። አንጀታቸው እስኪበግን ይናደዱባቸው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እሳቸው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልኛል። የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ነው። በየመጽሐፉ አንድ ትልቅ ቤት አለ፤ ቤቱ ለሴት አይወረስም። አባት ሲሞት ሴቶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ። ልጅቷ ጥልፍ ትጠልፋለች፣ ፒያኖ ትነካለች፣ ደጅ ወጥታ ትንሸራሸራለች። ሥራ የላትም። ሥራ ብትይዝ ትዋረዳለች። ስለዚህ አራት መቶ ገጽ ሙሉ አንድ ባለርስት ከፈረሱ ወርዶ ባርኔጣውን እስኪያነሣላት ትጠብቃለች። መጀመሪያ ይኮራባታል፣ ቀጥሎ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መሀል ላይ አንድ ሰው በጉንፋን ይተኛል። እኔ እስቃለሁ። እሳቸው አይስቁም። የልጅቷ እናት የምትጨነቅበት ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ «ይህች ሴትዮ ሞኝ አይደለችም፤ ቤት ነው የምትፈልገው» ይላሉ።

መጨረሻ ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፣ ይጋባሉ፣ መጽሐፉ ያልቃል። ቲቸር የሺ መጽሐፉን ይዘጉና መነጽራቸውን አውልቀው «ከዚያስ?» ይላሉ። ማንንም አይደለም የሚጠይቁት፤ የመጽሐፉን ጀርባ እያዩ ነው። ሰውንም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። የሠርግ ካርድ ይዛ የመጣች እናት አዳራሹን፣ ሊሙዚኑን፣ ኬኩን አውርታ ስትጨርስ «ከዚያስ?» ይሏታል። ሴቲቱ ተቀይማ ትሄዳለች። አንዳንዴ እኔም እቀየምላት ነበር።

እኔ እሳቸው ቤት የገባሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከአረብ አገር አሠሪዎቼ ጋር ለዕረፍት ለንደን መጥተን፣ ካረፉበት ቤት አንድ ፌስታል ልብስ ይዤ ወጣሁ። ጥገኝነት አፕላይ አደረግኩ፤ ውድቅ አደረጉብኝ፤ ይግባኝ አልኩ። ቲቸር የሺ ትርፍ ክፍላቸውን ሰጡኝ። በየሁለት ሳምንቱ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄጄ እፈርማለሁ። በሄድኩ ቁጥር እዚያው የሚያስቀሩኝ ይመስለኝ ነበር። በሩ ላይ ፖስታ ወደቀ ሲባል ሮጬ ከየት እንደመጣ አያለሁ።

ይሄኔ ነው ግርማቸው የመጣው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፤ ክላፋም ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ ቀይ የእንግሊዝ ፓስፖርት አለው። ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሁለት ጊዜ ተነጋግረናል። አንድ ጊዜ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ጃንጥላዬ ቢወድቅ አነሣልኝ። ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ስሰማ ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ እግሬ መሬት አልነካም። ይግባኙ ሳይታይ ካገባሁ ተረፍኩ ብዬ ነው። ሰውየው ምን ይወዳል፣ ምን ይጠላል፣ ለምን እስከ ዛሬ አላገባም፣ አንዱም ትዝ አላለኝም። እሑድ እሑድ የምስቅባቸው ባለ ረጅም ቀሚስ ልጆችም ትዝ አላሉኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ተረፈ የሚባሉ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ናቸው። ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ቡናማ ሱፍ ነበር የሚለብሱት፤ ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። አገር ቤት ቀበሌ ወረቀት አምጣ ተብለው የማይላኩ ሰውዬ፣ እዚህ ሽበትና ክራባት ስላላቸው ሽማግሌ ሆነዋል እል ነበር በሆዴ። እንደ ወጉ ሦስት ይሆናሉ ብለን ስንጠብቅ አራት ሆነው ገቡ። አራተኛው ወፍራም ሰውዬ ሶፋው ላይ ሄዶ ዘፍ አለ። ሦስቱ በሩ አጠገብ ቆመው ቀሩ። ቲቸር የሺ ቁጭ በሉ ቢሏቸው፣ ጋሽ ተረፈ እንደ ሥርዓቱ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዞር ብለው ልመናቸውን ጀመሩ። የሚለምኑት ግን ቲቸር የሺን አይደለም፤ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ነው። ወልደው ያሳደጓትን ልጅ ለልጃችን እንዲሰጡን፣ እያሉ።

እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀስ እያለ ገባኝ። ቤቱ ውስጥ ወንድ የለም፤ ልጅቷን የሚሰጥ አባት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አባት ከቤታቸው ይዘውልኝ መጥተዋል። ጠያቂም እነሱ፣ ሰጪም እነሱ። ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ቲቸር የሺ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ሰውየውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«የልጅዎ ስም ማን ነው?»

ሰውየው ወደ ጋሽ ተረፈ አየ። ጋሽ ተረፈ ወደ ምንጣፉ አዩ። ቲቸር የሺ ታዲያ እንደዚህ ከሆነ ወደ ወጥ ቤት ሄደው ሻይ ያፍሉልን፣ ልጅቷ ትሪው ከብዷታል አሉት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውየው ተነሥቶ መጣ። ስኳሩ የት ነው አለኝ። ከለንደን አባቴ ጋር ያወራሁት ወሬ ይኸው ነው።

ከዚያ ቲቸር የሺ ለሽማግሌዎቹ ነገሩን ቀጥ አድርገው አስረዷቸው። ልጅቷ ያለችው በእኔ ቤት ነው፤ ጉዳያችሁን ሰምቻለሁ፤ ተቀመጡ፤ ቀጠሮ መስጠት ወግ ነው፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ኑ። ይህን ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱና አንድ ወፍራም መጽሐፍ መዘዙ። ልጃችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቦ ራሱ ይምጣ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ተረፈ ግን መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እጅ ነሱ። ለእሱም ናቅኋቸው።

ሲወጡ በሩን ዘግቼ አበድኩ። ሥራዎ ነው ወይ አልኳቸው፤ ዕድሌን ሊዘጉብኝ ነው አልኳቸው፤ እርስዎ ወረቀት ስላለዎት ይቀልዱብኛል አልኳቸው። ሲያልቅልኝ እንዲህ አሉኝ።

«ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«እርስዎስ ጠየቁኝ?» አልኳቸው።

ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ማጠብ ጀመሩ። እያጠቡ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ የራሳቸውን ነገር ነገሩኝ።

ደብረ ብርሃን ነው። አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ትሪ ይዘው ቆመው ሦስት ሽማግሌዎች አባታቸውን ሲለምኑ ይሰማሉ። ልመናው ረዘመ፤ ትሪው ከበዳቸው፤ አስቀምጪው ያላቸው ሰው የለም። አባታቸው «ሰጥቻለሁ» ሲሉ ሰሙ። ባልየው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ ፈቀደላቸው፤ መፍቀዱንም ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። በኋላ እሱ ትምህርት ቤት ውስጥ አስተማሪ ሆኑ። አንድ ዓመት የተማሪ ውጤት ፍለጋ ቢሮው ገብተው ፋይል ሲያገላብጡ፣ በራሳቸው ስም የተጻፈ ደብዳቤ አገኙ። ውጭ አገር ሄደው እንዲማሩ የተሰጣቸው ዕድል ነው። ከጀርባው ባላቸው ለደብዳቤው የመለሰው መልስ ኮፒ ተያይዟል፤ ባለትዳር ናት፣ አትመጣም ይላል። ከዓመት በላይ ሆኖታል። ማታ ማታ አብረው ራት ሲበሉ ኖረዋል።

«አልተቆጣሁም፤ ናቅሁት» አሉኝ። ፋይሉን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። ደወል ሲደወል ከተማሪው ጋር በበሩ ወጡና አልተመለሱም። ሳሙናውን አለቅልቀው ብርጭቆዎቹን ደፉ። ከዚያ በኋላ ያንን ታሪክ ደግመው አላነሡትም።

እኔስ? እኔ አዘንኩላቸው እንጂ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልሴን አጠናሁ። ከጠየቁኝ «እናንተ ካላችሁ» ነው የምለው። አንገቴን ደፋ አድርጌ።

የቀጠሮው ቀን ግርማቸው አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። አባቴን ግን ትተውት መጡ፤ ይህንን ያህል ተምረዋል። ቲቸር የሺ መጽሐፉስ አሉት። ጎበዝ ነው፣ ተዘጋጅቷል፤ ስልኩ ላይ ቼክ አድርጎ ይሁን ፊልሙን አይቶ እንጃ። ቆንጆ ታሪክ ነው አለ። ልጅቷ የቄስ ልጅ ናት፣ አባቷ ሞቶ ከቤት ወጥታለች፣ ሰውየው ሀብታም ነው፣ ብዙ ተቸገሩ፣ መጨረሻ ላይ ተጋቡ።

«ከዚያስ?» አሉት።

«ተጋቡ አልኩዎት እኮ።»

«ከዚያስ?»

ግርማቸው ሳቅ አለና ሽማግሌዎቹን አየ። ጋሽ ተረፈ አፋቸውን ከፈቱ፤ እጃቸውንም ትንሽ አነሡ፤ ከዚያ መለሱት። ቲቸር የሺን ሊገሥጹ አስበው ፈሩ አልኩ በሆዴ። ድምፅ ብቻ።

ቲቸር የሺ ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ባለፈው ወጥ ቤቱ በር ላይ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ትሪውን አስቀምጪና ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ «የምትጠየቀው እሷ ናት፤ ጠይቋት» አሏቸው።

ጋሽ ተረፈ ስንት ጋብቻ አስፈጽመዋል፣ ስንት አባት ለምነዋል። ሴት ልጅ ለመጠየቅ ግን ቃል ጠፋቸው። ተነሥተው ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ። በመጨረሻ «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያንን ጠይቆኝ አያውቅም። አረብ አገር ስላክ አልተጠየቅሁም። ለንደን ሲያመጡኝ አልተጠየቅሁም። ያጠናሁትን ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሌላ ነው።

«እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ነው» አልኩ። «ሰውየውን አላውቀውም።»

የግርማቸው ጆሮ እስኪቀላ ድረስ ፊቱ ተለዋወጠ። ተነሥቶ ወጣ። ሁለቱ ተከተሉት። ጋሽ ተረፈ መጨረሻ ወጡ፤ መጽሐፉ ብብታቸው ሥር እንደነበረ ነው። የሰው መጽሐፍ መመለስ እንኳ አያውቁም አልኩ።

ቲቸር የሺ ሳቁ። እንባቸው እስኪፈስ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ቤት እየኖርን አራት ወር አላናገርኳቸውም። ባይጠይቁኝ ኖሮ አገባው ነበር። በራሴ አፍ አበላሸሁት፤ ያስከፈቱኝ ግን እሳቸው ናቸው። ይግባኙም ውድቅ ሆነ። እንደገና አፕላይ አድርጌ አራት ዓመት ጠበቅሁ። አራት ዓመት ቀላል አይደለም፤ እናቴ የሞተችው በዚያ መሀል ነው፤ አልሄድኩም።

እውነቱን ከተናገርን ደግሞ ግርማቸው መጥፎ ሰው አይደለም። ሌላ ልጅ አግብቶ ሦስት ወልደዋል። ሚስቱ አንዳንዴ አውቶቡሴ ላይ ትሳፈራለች፤ ፊቷ ይበራል፣ ልጆቿ ሰላም ይላሉ። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ አናዶኛል። ክፉ ሆኖ ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። ለቲቸር የሺ ስነግራቸው «ደስ ይበላት። ጠይቀዋት ከሆነ» አሉ።

ወረቀቴ የመጣ ቀን እኔ ቤት አልነበርኩም። ቲቸር የሺ ከቤት ሲወጡ ፖስታውን በሩ ሥር አገኙት። ወፍራም ነው፤ ከየት እንደመጣ ከላዩ ያስታውቃል። ማታ ስገባ ትራሴ ላይ አስቀምጠውታል፤ እሳቸው ወጥ ቤት ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይበላሉ። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሄዱም። አልከፈቱትም። ለምን አልከፈቱትም ብላቸው «በስምሽ ነው የመጣው» አሉኝ። ይቅር ያልኳቸው ያን ቀን ነው። እሳቸው ግን ይቅርታ እንዳደረግሁላቸው ቢያውቁ ይንቁኝ ነበርና አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ወደ ለቅሶው ልመለስ። ከቀብር በፊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ እኔ እንድጽፍ ተነገረኝ። ጻፍኩ። ልጅነታቸውን አልጻፍኩም፣ ሠርጋቸውን አልጻፍኩም። ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከወጡበት ጠዋት ነው የጀመርኩት። ብቻቸውን እንዴት እንደተሰደዱ፣ ስንት ልጅ እንዳስጠኑ፣ ጋሪውን፣ መጽሐፎቹን፣ ሳይከፈት የቆየውን ፖስታ ጻፍኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ አስተካክሎ መለሰልኝ። ከአባታቸው ከእከሌ ከእናታቸው ከእከሊት ተወለዱ፤ ከአቶ እንዳልካቸው ጋር የተቀደሰ ጋብቻ መሠረቱ፤ ልጅ ለመውለድ ባይታደሉም፤ ይላል። ጋሪው ወጥቷል። ፖስታው ወጥቷል። ባልየው ደብዳቤያቸውን በልቶባቸው፣ ዕድሜያቸውን በልቶባቸው፣ አሁን ደግሞ ሬሳቸው ላይ ሊቀመጥ ነው።

ታሪኩን የሚያነቡት ጋሽ ተረፈ ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ የሞተውን ሁሉ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን እንዳለ ነው። ሐሙስ ከሥራ ቀጥታ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄድኩ። ወንበር እየደረደሩ አገኘኋቸው። ልጣላ ነው የሄድኩት። ሁለቱን ወረቀት ፊታቸው አስቀምጬ፣ የጸሐፊውን ካነበቡ ተነሥቼ እጮኻለሁ አልኳቸው።

ሁለቱንም ቀስ ብለው አነበቡ። የሴት ታሪክ ያለ ትዳር ሲነበብ ሰው ግር ይለዋል አሉ። አውቄዋለሁ ብዬ ወረቀቴን ላነሣ ስል እጃቸውን ጫኑበት።

«ያንን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ» አሉኝ።

የትኛውን መጽሐፍ አልኳቸው።

ለግርማቸው የተሰጠውን። ግርማቸው ጊዜ የለኝም ብሎ ሳይነካው መለሰላቸው። ጋሽ ተረፈ ደግሞ ከልጅቷ ቤት የተሰጠ ነገር ሳይነበብ ቢመለስ ነውር ነው አሉ፤ ሽማግሌውም ሊጠየቅ ነው ብለው ፈሩ። የመኪና ማቆሚያው ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው፣ መዝገበ ቃላት ይዘው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበቡት። ቲቸር የሺ «ከዚያስ?» ሲሉ ጋሽ ተረፈ መልሱን ሊናገሩ ነበር አፋቸውን የከፈቱት። መልስ እንደሌላቸው ያወቁት ከከፈቱ በኋላ ነው።

«ደወሉ ተደወለ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጡ፣ አለቀ። ገጽ የጎደለ መሰለኝ» አሉኝ። «መጽሐፉን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ።»

መጽሐፉን ይዘው የሄዱትም ለዚህ ነው። ሰው እንዳያያቸው እኔ ቤት ባልነበርኩበት ቀን ተመልሰው ቲቸር የሺ ዘንድ ሄዱ፤ ገጽ ጎድሎበታል ወይ ብለው ጠየቁ። ቲቸር የሺ አልጎደለም፣ እዚያ ላይ ነው የሚያቆሙት አሏቸው። አልሳቁባቸውም። ሌላ መጽሐፍ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ በየወሩ ይመላለሱ ኖሯል። ጋሽ ተረፈ በር ላይ ፌስታል ይዘው ሲቆሙ የኮሚቴ ጉዳይ ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም በሆዴ እየሰደብኳቸው አልፋቸዋለሁ።

«የመጀመሪያውን የጨረስኩ ቀን ቤት ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኋት» አሉኝ። «ስንጋባ የጠየቀሽ ሰው ነበር ወይ አልኳት።»

«ምን አሉዎት?»

«ምሳህ ይቀዘቅዛል አለችኝ። እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ዓመት የናቅኩት ሰውዬ ነው። አንድም ቀን ቀረብ ብዬ አላናገርኳቸውም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ የእኔን ነው የከተቱት። ጸሐፊው ይቆጣል አልኳቸው። «ይቆጣ» አሉ።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ያስጠኗቸው ልጆች ትልልቅ ሰው ሆነው መጥተዋል። ግርማቸውም ከነሚስቱ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። ጋሽ ተረፈ በዚያው ቡናማ ሱፋቸው ወጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ጠዋት አንድ ፋይል ከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፣ ደወል ሲደወልም ከተማሪው ጋር በበሩ ወጡ፣ ብለው ጀመሩ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ጸሐፊው ከፊት ረድፍ እጁን እያወዛወዘ ምልክት ይሰጣቸዋል። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ፣ ግን ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ገጽ ዘለሉ እንዴ? ትዳሩስ?» አለች።

ጋሽ ተረፈ ቆም አሉ። ያ ትልቅ ድምፃቸው እንደዚያ ቅዳሜ ሊጠፋባቸው ነው ብዬ ተነሥቼ ለመጮኽ ወንበሬን ያዝኩ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባውን አዩት። ተረጋግተው አዩት። መልሰው ገለበጡት።

«ገጽ አልጎደለም» አሉና ማንበባቸውን ቀጠሉ።